«ላይብረሪው የለም» ሲል ሊኑክስ ምን እያለን ነው?

ሲስተማችሁን አፕዴት አደረጋችሁ። ሥራው ያለ ችግር አለቀ፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ በሰላም ተነሳ። ትናንት ማታ ሲሠራ ያመሸውን ፕሮግራም ስትከፍቱት ግን ወይ ፍንክች። ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ስትሞክሩት አንዲት መስመር ብቻ ትመጣለች። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «የጋራ ላይብረሪዎችን ስጭን ስህተት ገጠመኝ፤ ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1ን መክፈት አልቻልኩም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ፕሮግራሙን አጥፍቶ ያንኑ እንደገና ይጭናል፣ ወይ የጎደለውን ፋይል ከኢንተርኔት ፈልጎ አውርዶ ሲስተሙ ውስጥ ይጨምራል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ለውጥ አያመጣም። ሁለተኛው ደግሞ ጭራሽ ይጎዳል። መልእክቷ በትክክል ምን እንደምትል ከገባን ግን የሥራው ግማሽ እዚያው ያልቃል።

ከስሩ እንጀምር። አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ተሸክሞ አይዞርም። በኢንተርኔት ላይ በምስጢር መነጋገር፣ ምስል መክፈት፣ ፋይል ማመቅ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ እነዚህ ሥራዎች ለብቻቸው ተጽፈው በአንድ ፋይል ይቀመጣሉ፤ የፈለገ ፕሮግራም ሁሉ ከዚያ ይጠቀማል። የጋራ ላይብረሪ የሚባለው ይህ ነው።

ጥቅሙ ቦታ መቆጠብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው ላይብረሪ ውስጥ «ሃርትብሊድ» የሚል ስም የተሰጠው ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። ከሩቅ ያለ ሰው የሰርቨሩን ሜሞሪ ቆርሶ እንዲያነብ ያስችል ነበር። የጋራውን ላይብረሪ የሚጠቀሙ ሲስተሞች ላይ መፍትሔው አንድ ፓኬጅ (አብሮ የሚጫን የፋይሎች ጥቅል) መቀየርና ፕሮግራሞቹን አጥፍቶ ማስነሳት ሆነ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን ቅጂ ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን እየፈለጉ መጠገን ይጠበቅ ነበር። «አጥፍቶ ማስነሳት» ያልኩትን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ፕሮግራሙን ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያገናኘው «ዳይናሚክ ሊንከር» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የራሱን አንድ ትእዛዝ እንኳ ከመሥራቱ በፊት ሊንከሩ ቀድሞ ይነሳል። ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈውን የላይብረሪ ስም ዝርዝር ያነብና አንድ በአንድ ፍለጋ ይወጣል። ፕሮግራሙ ራሱ የጠቆመው ቦታ ካለ እዚያ ያያል። «ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ» በሚባለው ተለዋዋጭ (ፕሮግራሞች የሚያነቡት ቅንብር) የተጻፈ ፎልደር ካለ እዚያም ያያል። ከዚያ «/ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ካሽ» የሚባለውን ማውጫ ይገልጣል። በመጨረሻ የታወቁትን «/ሊብ» እና «/ዩኤስአር/ሊብ» ይፈትሻል። ከዝርዝሩ አንድ ስም እንኳ ካጣ ሥራውን ያቆማል። ያቺን መስመር የጻፈው እሱ ነው። ፕሮግራማችሁ ገና አልጀመረም፤ ስለዚህ እሱ ውስጥ ጥፋት መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ቁጥሩ ቃል ነው

ሊንከሩ የሚፈልገው ፋይል በስሙ ነው። ስሙን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። «ሊብ» ላይብረሪ መሆኑን፣ «ኤስኤስኤል» ማንነቱን፣ «ኤስኦ» የጋራ ፋይል መሆኑን ይናገራል። ዋናው ነገር ግን መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ይህ ከነቁጥሩ ያለው ሙሉ ስም «ኤስኦኔም» ይባላል። የላይብረሪው ጸሐፊዎች ለፕሮግራሞች የሚሰጡት ቃል ነው፦ «ይህ ቁጥር እስካልተቀየረ ድረስ በእኔ ተማምናችሁ የተሠራችሁ ሁሉ እንደነበራችሁ ትሠራላችሁ።»

በዚህ ቃል ሥር ሆነው ጸሐፊዎቹ ውስጡን እንደፈለጉ ያሻሽላሉ። ስህተት ያርማሉ፣ ፍጥነት ይጨምራሉ፤ ቁጥሩም አይነካም። አንድ ቀን ግን ቃሉን መጠበቅ የማይቻልበት ለውጥ ይመጣል። አንድ አሮጌ ተግባር ይወገዳል፣ ወይም በሜሞሪ ውስጥ የመረጃው አቀማመጥ ይቀየራል። ያኔ ሐቀኛው መንገድ ቁጥሩን መቀየር ነው። አዲሱ ላይብረሪ አዲስ ስም ይዞ ይወጣል። ስማቸው ስለሚለያይ አሮጌውና አዲሱ በአንድ ሲስተም ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ።

የኦፕንኤስኤስኤል 3.0 ታሪክ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ሲወጣ የፋይሉ ስም መጨረሻ ከ1.1 ወደ 3 ተቀየረ። ኡቡንቱ 22.04 እና ዴቢያን 12 የተባሉት ዲስትሮዎች (ተዘጋጅተው የሚታደሉ የሊኑክስ ዓይነቶች) አዲሱን ብቻ ይዘው መጡ። የአሮጌው 1.1.1 ይፋዊ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 አበቃ። በእነዚህ ዓመታት ሲስተሙን ያሳደገ ሰው ሁሉ ያቺን መስመር የማየት ዕድሉ ሰፊ ነበር። እንግዲህ ላይብረሪው ጠፋ ከማለት ይልቅ ቃሉ በሌላ ቃል ተተካ ማለት ይሻላል፤ ፕሮግራሙ ገና በአሮጌው ቃል ላይ ቆሟል።

ታዲያ አፕዴቱ ለምን ዝም አለ?

ፓኬጅ ማኔጀሩ (ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያድሰው መሣሪያ) ማን በማን ላይ እንደሚደገፍ መዝግቦ ይይዛል። ዲስትሮው ላይብረሪ ሲቀይር በዚያ ላይ የሚደገፉትን የራሱን ፕሮግራሞች አብሮ እንደገና ኮምፓይል ያደርጋል (ከምንጭ ኮዳቸው ወደሚሠራ ፋይል ይቀይራል)፤ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ። ስለዚህ ነገሩ ሲሰበር ከመዝገቡ ውጭ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው ፓኬጅ ማኔጀሩ የማያውቀው ፕሮግራም ነው። በእጅ ያወረዳችሁት፣ ራሳችሁ ኮምፓይል ያደረጋችሁት፣ ወይም በራሱ መጫኛ «/ኦፕት» ፎልደር ውስጥ የገባ። አፕዴቱ አሮጌውን ላይብረሪ ሲያነሳ ይህን ፕሮግራም የሚያስታውስለት የለም። ሌላው መንገድ ላይ የተቋረጠ አፕዴት ነው፤ መብራት ጠፋ፣ ዲስኩ ሞላ፣ ተርሚናሉ ተዘጋ። ከውጭ የተጨመረ የፓኬጅ ምንጭ ከዲስትሮው ጋር እኩል አለመራመዱም አለ። አርች በተባለው ዲስትሮ ላይ ደግሞ የታወቀ ወጥመድ አለ። «ፓክማን -ኤስዋይ» ብሎ ዝርዝሩን ብቻ አድሶ አንድ ፓኬጅ መጫን አዲሱ ፓኬጅ አዲስ ላይብረሪ እንዲጎትት ያደርጋል፤ የቀረው ሲስተም ግን በአሮጌው ላይ ይቀራል። የአርች ሰዎች ከፊል አፕዴትን እንደማይደግፉ በግልጽ የሚናገሩት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ «ፓክማን -ኤስዋይዩ» ብሎ ሙሉውን ማሳደግ ነው።

አሁን ያቆየኋትን ነገር ላንሳ። ይህ ችግር ሰውን በጣም የሚያደናግረው በጊዜው ስለማይታይ ነው። አፕዴቱ ማክሰኞ ተደርጎ ሰርቨሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊወድቅ ይችላል። ለምን?

ሊኑክስ ላይ የፋይል ስምና የፋይሉ ይዘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፓኬጅ ማኔጀሩ ላይብረሪ ሲቀይር አሮጌውን ፋይል ላዩ ላይ አይጽፍበትም። አዲሱን በሌላ ስም ጽፎ ይጨርስና ስሙን ወደ አዲሱ ያዞራል። አሮጌውን ቀድሞ የከፈተ ፕሮግራም ካለ ይዘቱ ስም አልባ ሆኖ ዲስኩ ላይ ይቆያል። የመጨረሻው ተጠቃሚ እስኪለቀው ድረስ አይጠፋም። ላይብረሪው ተነቅሎ ሲወጣም እንደዚያው ነው። ከጀርባ እየሠራ ያለው ፕሮግራም (ሰርቪስ) ምንም ሳይሰማው በሌለ ፋይል ላይ ይቀጥላል። የሚወድቀው አንድ ሰው አጥፍቶ ሲያስነሳው ነው። ያኔ ሁሉም ያን ቀን የተነካውን ነገር ይመረምራል፤ ጥፋቱ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ነው።

በሌላ በኩል ይኸው ነገር ለደኅንነት አደጋ ነው። የሃርትብሊድን ጥገና ጭኖ ሰርቪሱን ያላስነሳ ሰው ቀዳዳውን በሜሞሪ ይዞ ይቀጥል ነበር። ስለዚህ ከአፕዴት በኋላ አሮጌ ላይብረሪ የያዙትን ማወቅ ያስፈልጋል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ኒድሪስታርት»፣ ፌዶራ ላይ «ዲኤንኤፍ ኒድስ-ሪስታርቲንግ»፣ ኦፕንሱሴ ላይ «ዚፐር ፒኤስ» ይህንኑ ይነግሯችኋል። እናንተ ፊቱ ተቀምጣችሁ ሳለ አጥፍታችሁ አስነሱት። ከተሰበረም አሁን ይሰበር።

መጀመሪያ መጠየቅ

ዋናው መሣሪያ «ኤልዲዲ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ከኋላው የፕሮግራሙን ሙሉ መንገድ ትሰጡታላችሁ። እሱም የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ከነተገኙበት ቦታ ይዘረዝራል። ያልተገኘው አጠገብ «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። ላይብረሪዎቹ ራሳቸው የሚደገፉባቸውንም አብሮ ስለሚያሳይ የጎደለው ሁለት ደረጃ ወርዶም ቢሆን ይታያል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ኤልዲዲ አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳ ይችላል። ምንጩን የማታምኑት ፋይል ከሆነ በእሱ ፈንታ «ሪድኤልፍ -ዲ» ተጠቀሙ፤ እሱ ፋይሉን አንብቦ ብቻ የተጠየቁትን ስሞች ያሳያል።

ቀጥሎ «ይህ ፕሮግራም የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ግን ይዘለዋል። ዴቢያን ቤተሰብ ላይ «ዲፒኬጂ -ኤስ» (ኤስ በትልቁ ፊደል)፣ ፌዶራ ላይ «አርፒኤም -ኪውኤፍ»፣ አርች ላይ «ፓክማን -ኪውኦ» ብላችሁ የፋይሉን መንገድ ስጡ። የፓኬጅ ስም ከመለሰ መፍትሔው ፓኬጅ ማኔጀሩ ዘንድ ነው። «አላውቀውም» ካለ ኃላፊነቱ የእናንተ ወይም ፕሮግራሙን የሰጣችሁ አካል ነው።

መልእክቶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። «ፋይሉ የለም» የሚለውን አይተናል። «ቨርዥን ጂሊብሲ_2.34 አልተገኘም» የሚል ከሆነ ነገሩ ተገልብጧል፦ ላይብረሪው አለ፣ ግን ፕሮግራሙ ከሚጠብቀው ያረጀ ነው። ጂሊብሲ የሁሉም መሠረት የሆነው ላይብረሪ ነው። አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ጂሊብሲ ላይ እንዲሠራ ይጠነቀቃል፤ አዲስ ፕሮግራም በአሮጌ ጂሊብሲ ላይ እንዲሠራ ግን ቃል አልገባም። ኡቡንቱ 22.04 ጂሊብሲ 2.35 አለው፣ ኡቡንቱ 20.04 ደግሞ 2.31። በመጀመሪያው ላይ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ሁለተኛው ላይ ሲወሰድ ይህን መልእክት ያወጣል። ብዙ ጊዜ ያደገው ሲስተሙ ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው። ለዚያ ሲስተም የተዘጋጀውን ቅጂ ፈልጉ። ጂሊብሲን በእጃችሁ ለመቀየር ግን በፍጹም አትሞክሩ፤ ከኮፒ ትእዛዝ እስከ ፓኬጅ ማኔጀሩ ሁሉም የቆመው በእሱ ላይ ነው።

«ያልታወቀ ሲምቦል» (ሲምቦል ላይብረሪው ውስጥ ያለ የተግባር ስም ነው) የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ሊንከሩ ፋይሉን አግኝቷል፣ ያገኘው ግን የተሳሳተውን ነው። የኤልዲዲን ዝርዝር ተመልከቱ። ከዓመታት በፊት ኮምፓይል አድርጋችሁ «/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» ውስጥ የረሳችሁት አሮጌ ቅጂ ከአዲሱ ቀድሞ ተገኝቶ ይሆናል። እሱን ከመንገድ ማንሳት ብቻ ይበቃል።

አንዱ ደግሞ በጣም ግራ ያጋባል። ፕሮግራሙ ፊታችሁ ተቀምጦ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። የጠፋው ፕሮግራሙ አይደለም፤ የሚያስነሳው ሊንከር ነው። በ64 ቢት ሲስተም ላይ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ስታስነሱ የተለመደ ነው። የ32 ቢት መሠረታዊ ላይብረሪዎችን ጫኑ።

ወደ ጥገናው

ፓኬጅ ማኔጀሩ የሚያውቀው ፕሮግራም ከሆነ ያልተጠናቀቀውን አስጨርሱት። ዴቢያን ቤተሰብ ላይ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ከዚያ «አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»። ይህ ሁለተኛው አንዳንዴ ፓኬጆችን ሊያጠፋ ስለሚያስብ ዝርዝሩን ሳታነቡ «እሺ» አትበሉ። ፌዶራ ላይ «ዲኤንኤፍ ዲስትሮ-ሲንክ» ሁሉንም ዲስትሮው አሁን ከያዘው ቨርዥን ጋር ያስተካክላል።

የጎደለው ፋይል በየትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ካላወቃችሁ በፋይሉ ስም ፈልጉ። «አፕት-ፋይል ሰርች»፣ «ዲኤንኤፍ ፕሮቫይድስ» እና «ፓክማን -ኤፍ» ለዚህ ናቸው። በፓኬጅ ስም መገመት ያሳስታል። ኡቡንቱ 24.04 ላይ የብዙ ላይብረሪ ፓኬጆች ስም መጨረሻ «ቲ64» ተጨመረበት። ምክንያቱ ከጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በኋላ በ32 ቢት ሰዓት መቁጠር ስለማይቻል ወደ 64 ቢት የተደረገው ሽግግር ነው። የድምፅ ላይብረሪው ፓኬጅ «ሊብአሳውንድ2» መባሉ ቀርቶ «ሊብአሳውንድ2ቲ64» ሆነ። ውስጡ ያለው ፋይል ግን ያው ሊብአሳውንድ.ኤስኦ.2 ነው።

ፋይሉ ሲስተሙ ላይ ካለና ሊንከሩ ብቻ ካላየው የፎልደሩን ስም «/ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ» ውስጥ በአንድ ፋይል ጽፋችሁ «ኤልዲኮንፊግ» አስነሱ። ማውጫውን እንደገና ይጽፈዋል። አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚፈልገው ከሆነ «ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ»ን ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ስጡ። ለመላው ሲስተም በቋሚነት መጻፍ ሌላ ያልታሰበ ፕሮግራም የተሳሳተ ላይብረሪ እንዲያነሳ በር ይከፍታል።

ራሳችሁ ኮምፓይል ያደረጋችሁት ፕሮግራም ከሆነ እንደገና ኮምፓይል አድርጉት፤ ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር አዲስ ውል ያስራል። የፓይተን ቬንቭም (አንድ የፓይተን ሥራ ለብቻው የሚቀመጥበት ፎልደር) እንዲሁ ነው፦ ሲስተሙ ከፓይተን 3.10 ወደ 3.12 ካደገ አሮጌውን አትጠግኑ፣ አጥፍታችሁ አዲስ ሥሩ። ምንጩ የሌላችሁ አሮጌ ፕሮግራም ከሆነና የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ከአሮጌ ዲስትሮ ጋር ኮንቴይነር (ከተቀረው ሲስተም የተከለለ ክፍል) ውስጥ አስቀምጡት። እዚያ ውስጥ የለመደውን ሁሉ ያገኛል። ድጋፍ ያበቃ ላይብረሪ ይዞ በቀጥታ ለኢንተርኔት እንዳይጋለጥ ግን አደራ።

ስለ አንድ አጭር መንገድ በተለይ ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ፤ ምክሩ በየቦታው ስለሚሰጥ። «ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1 ከጠፋ፣ በዚያ ስም ወደ ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.3 የሚወስድ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም) ፍጠር» ይሉታል። ይህ የሌላ ሰው ቃል ላይ የራስን ፊርማ መፈረም ነው። ቁጥሩ የተቀየረው ቃሉ ስለማይጠበቅ ነበር። ከኦፕንኤስኤስኤል ጋር ከሆነ ደግነቱ ወዲያው ይነቃበታል። ላይብረሪው በውስጡም የቨርዥን ምልክት ስላለው ሊንከሩ «ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ይህ ምልክት የሌላቸው ላይብረሪዎች ላይ ግን ፕሮግራሙ ይነሳል። ትንሽ ሠርቶ ይወድቃል። ከዚያ የሚብሰው ሳይወድቅ ሲቀር ነው፤ ቁጥሮችን ከተሳሳተ የሜሞሪ ቦታ እያነበበ የተሳሳተ መረጃ ይጽፋል። ዳታቤዝ የሚነካ ፕሮግራም ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል አስቡት።

ሲስተሙ ራሱ ከወደቀ

የጠፋው የጂሊብሲ ፋይል ከሆነ ፋይሎችን የሚዘረዝረው «ኤልኤስ» እንኳ አይሠራም። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ሕግ የተከፈተውን ተርሚናል አለመዝጋት ነው። ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ባሽ ቀድሞ ሜሞሪ ውስጥ ስላለ ይሠራል። አዲስ ልክፈት ብትሉ ግን አይከፈትም። «ሲዲ» እና «ኤኮ» የባሽ የራሱ ትእዛዞች ስለሆኑ ውጭ ላይብረሪ አይፈልጉም። «ኤኮ *» ብትሉ የፎልደሩን ፋይሎች ታያላችሁ።

ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ተዛውሮ ከሆነ ሊንከሩን ራሱን በሙሉ መንገዱ ጥሩት፤ «--ላይብረሪ-ፓዝ» ብላችሁ ፎልደሩን ጠቁሙት፤ ከዚያ የማዛወሪያውን ትእዛዝ ስጡት። ሊመልሰው ይችላል። «ቢዚቦክስ» በስታቲክ መልክ (የሚያስፈልገውን ሁሉ በውስጡ ይዞ) ተጭኖ ከነበረም ብዙ ትእዛዞችን ያለ አንዳች ላይብረሪ ይሰጣችኋል።

ሁሉም ካልሆነ ከዩኤስቢ ሊኑክስ አስነሱና የዲስኩን ክፍል «/ኤምኤንቲ» ላይ ማውንት አድርጉ (እንደ ፎልደር አያይዙት)። ወደ ተሰበረው ሲስተም «ሲኤችሩት» ብላችሁ መግባት ከቻላችሁ ፓኬጅ ማኔጀሩን ከውስጥ አሠሩት። ውስጡ ያለው ባሽ አልነሳ ካለ ከውጭ ሥሩ፤ «ዲፒኬጂ --ሩት=/ኤምኤንቲ» ወይም «ዲኤንኤፍ --ኢንስቶልሩት=/ኤምኤንቲ» የዩኤስቢውን ጤነኛ ላይብረሪ እየተጠቀሙ በተሰበረው ሲስተም ላይ ይጭናሉ።

ሲስተሙ ሲመለስ ኤልዲዲን በፕሮግራሞቹ ላይ ደግማችሁ አስነሱ። ከዚያ በጭንቀቱ ሰዓት በእጅ የተፈጠሩ ሲምሊንኮችንና በእጅ የተቀዱ ፋይሎችን ፈልጉ። «/ዩኤስአር/ሊብ» ውስጥ ያለ፣ ግን «ዲፒኬጂ -ኤስ» ባለቤቱን ያላወቀው ፋይል ሁሉ አንድ ጊዜ መታየት አለበት። አንዳንዶቹ ፓኬጁ ሲጫን ራሱ የፈጠራቸው ይሆናሉ፤ እነሱን ተዉ። የእናንተ የሆኑትን ግን ከሚቀጥለው አፕዴት በፊት አንሷቸው።